በፓውኒ የሣር ሜዳ ላይ የሚያርፉ ዘማሪ ወፎች፦ አንዱ ቅዳሜ ሙሉ፣ ሌላው ባዶ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ጥያቄ
ከ፦ የአውሮራዋ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን።

የምኖረው በኮሎራዶ ግዛት፣ በአውሮራ ከተማ ነው። ወፍ መመልከትን የለመድኩት ዝዋይ ሐይቅ ዳር ሲሆን፣ እዚያ አባ ኮዳውም ሆነ ፔሊካኑ ከዓሣ አጥማጆቹ አጠገብ ስለማይጠፋ መፈለግ የሚባል ድካም አልነበረብኝም። እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ግን ልቤን የወሰዱት ከደቡብና ከመካከለኛው አሜሪካ ተነሥተው በጸደይ ወደ ሰሜን የሚያቀኑት፣ ብዙዎቹ ከአሥር እስከ ሠላሳ ግራም ብቻ የሚመዝኑት ትናንሽ ዘማሪ ወፎች ናቸው። ዋርብለር፣ ቪሪዮ፣ ትረሽ እየተባሉ የሚጠሩትን ማለቴ ነው።

እነዚህን ወፎች ሜዳው ላይ ለማየት ሰው ሁሉ የሚጠቁመው አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም ብሪግስዴል ከምትባለው ትንሽ መንደር አጠገብ፣ በፓውኒ ብሔራዊ የሣር ምድር ውስጥ የሚገኘው ክሮው ቫሊ ነው። ባለፈው ሜይ ከልጄ ጋር ወደዚያ ስንሄድ ግን አንዱ ቅዳሜ ከሌላው ጋር አልገጥም አለኝ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት፣ አየሩም ለብ ያለ ስለነበር ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም ብለን በማለዳ ብንደርስም፣ ከሮቢንና ከጥቂት ድንቢጦች በቀር ዛፎቹ ባዶ ነበሩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌሊቱን ሲያካፋ አድሮ ጠዋቱ ጓንት የሚያስለብስ ብርድ ነበር፤ ልጄ እንመለስ እያለ ሲወተውተኝ፣ ከአጥሩ ሥር ጀምሮ እስከ ዛፎቹ ጫፍ ድረስ ወፍ ያልተቀመጠበት ቅርንጫፍ አልነበረም ማለት እችላለሁ። ሰዓቱ ያው ነው፣ ቦታውም ያው ነው።

ልምድ ያላችሁን በትሕትና የምጠይቀው፣ ይህ ልዩነት ከምን እንደሚመጣና ቀኑን አስቀድሞ ማወቅ ይቻል እንደሆነ ነው። የምሠራው በፈረቃ ስለሆነ የዕረፍት ቀኔን በዘፈቀደ ማባከን አልፈልግም። ከዚህ ሌላ፣ እዚያ ከደረሱ በኋላ ዛፎቹን መዞር ይሻላል ወይስ አንድ ቦታ ተቀምጦ መጠበቅ? ለምትሰጡኝ መልስ ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

ምላሽ
ከ፦ የግሪሊ ነዋሪ

የተከበሩ እኅቴ፣ የጥያቄዎ መልስ አብዛኛው እርስዎ ራስዎ ባዩት ልዩነት ውስጥ አለ። ምክንያቱን ለመረዳት ግን ቦታውን ከላይ፣ ሌሊቱን ሲበር ያደረ ወፍ ሲነጋ በሚያየው መልኩ ማሰብ ያስፈልጋል።

ከሮኪ ተራሮች ግርጌ እስከ ነብራስካና ካንሳስ ድረስ የተዘረጋው ምድር ዝናቡ ትንሽ፣ ሣሩም አጭር ነው። ዛፍ የሚገኘው ወይ ጅረት ዳር፣ ወይ ሰው በተከለበት ቦታ ብቻ ነው። ፓውኒ ራሱ 193,000 ኤከር ገደማ የሚሸፍን ሲሆን፣ በ1930ዎቹ ድርቅና የአቧራ ማዕበል ጊዜ ገበሬዎች ጥለውት የሄዱትን መሬት መንግሥት ገዝቶ መልሶ ሣር እንዲለብስ ካደረገው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ብሔራዊ የሣር ምድር ተብሎ የተሰየመ ነው። በዚህ ሁሉ ስፋት ውስጥ፣ ክሮው ክሪክ በሚባለውና ብዙውን ጊዜ ውኃ በማይታይበት ጅረት ዳር የቆሙት ኮተንዉድና ኤልም የሚባሉት ዛፎች እጅግ ጥቂት ናቸው። የጫካ ወፍ በዚህ ሜዳ ላይ ሲነጋበት የሚሸሸግበትም ሆነ የሚበላው የሚገኘው እዚያች ቁራጭ ጥላ ሥር ስለሆነ፣ በሰፊው ሰማይ ተበትኖ ሲጓዝ ያደረው ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ሰፊ ደን ባለበት አገር ቢሆን ኖሮ ያው ወፍ በሺህ ዛፎች መካከል ተበትኖ ከዓይን በጠፋ ነበር።

ይህ ግን የሚሆነው ወፎቹ ለማረፍ ከተገደዱ ብቻ ነው። አብዛኞቹ ዘማሪ ወፎች የሚጓዙት በሌሊት ሲሆን፣ ሌሊት አየሩ ቀዝቃዛና የተረጋጋ፣ ጭልፊትም የማይኖርበት በመሆኑ ጉልበታቸውን ይቆጥብላቸዋል። በሜይ ወር ከደቡብ ለስላሳ ነፋስ ሲነፍስና ሰማዩ ሲጠራ፣ ነፋሱ ከኋላ ስለሚገፋቸው ከበላያችን አልፈው ርቀው ይሄዳሉ፤ ለእኛ ያማረ የሚመስለን ማለዳ ለእነርሱም ያማረ ሌሊት ስለነበረ ነው ዛፎቹን ባዶ ያገኘናቸው። የመጀመሪያው ቅዳሜዎ ይህ ነው። በተቃራኒው፣ በደቡብ ነፋስ ተነሥተው እኩለ ሌሊት ላይ ከሰሜን የሚመጣ ቀዝቃዛ አየር፣ ዝናብ ወይም ዝቅ ያለ ደመና ሲገጥማቸው ጉዟቸውን አቋርጠው ያገኙት ቦታ ላይ ይወርዳሉ። ሁለተኛው ቅዳሜዎ ያ ነበር። እንግዲህ የሚፈለገው ዝናቡ ብቻ አይደለም፤ መጀመሪያ ወፎቹን የሚያስነሣ የደቡብ ነፋስ፣ ቀጥሎም በመንገዳቸው ላይ የሚያቆማቸው ነገር መኖር አለበት። ሳምንቱን ሙሉ ከሰሜን ሲነፍስና ሲዘንብ ከሰነበተ የሚመጣ አዲስ ወፍ የለም፤ ያሉት ግን ይቆያሉ።

ሳምንቱን በተመለከተ፣ በኤፕሪል መጨረሻ የሎው-ራምፕድ ዋርብለር፣ ኦሬንጅ-ክራውንድ ዋርብለርና ልዩ ልዩ ድንቢጦች ይቀድማሉ። የወፉ ዓይነት የሚበዛው በሜይ ሁለተኛና ሦስተኛ ሳምንት ነው፤ የዕረፍት ቀንዎን አስቀድመው መምረጥ ካለብዎ ከእነዚህ ውጭ አይሂዱ። ወሩ ሊያልቅ ሲል ዋርብለሩ እየሳሳ ፍላይካቸር የሚባሉት ነፍሳት አዳኝ ወፎች ይተካሉ።

መዞር ወይስ መቀመጥ ላሉት፣ የእኔ ጽኑ እምነት መቀመጥ ነው። ብዙ ሰው ከመኪናው ወርዶ ዛፎቹን በፍጥነት ይዞርና «ዛሬ ምንም የለም» ብሎ ይሄዳል። በብርድ ጠዋት ነፍሳት ከላይ ቅጠሉ ላይ ስለማይንቀሳቀሱ ወፎቹ ምግባቸውን የሚፈልጉት ከታች ነው፤ ከነፋስ በተከለለውና የመጀመሪያዋ ፀሐይ በምታርፍበት የዛፎቹ ጠርዝ፣ በአጥሩ ሽቦ ላይ፣ አንዳንዴም ሣሩ ላይ ይታያሉ። በእንዲህ ያለ ጠዋት የሎው-ራምፕድ ዋርብለር ከሽቦው ወደ መሬት ወርዶ፣ አንዲት ትንኝ ይዞ፣ መልሶ ሽቦው ላይ ሲወጣ ከጥቂት ሜትር ርቀት ማየት ይቻላል፤ ላባውን ስለሚነፋ ክብ ይመስላል፣ ክንፉን ሲዘረጋም በወገቡ ላይ ያለው ቢጫ ጎልቶ ይታያል። ጉሮሮውን ልብ ብለው ይመልከቱት። ነጭ ከሆነ ከምሥራቅና ከሰሜን የሚመጣው ዘር ነው፣ ቢጫ ከሆነ ደግሞ በእኛው ተራሮች የሚራባው የምዕራቡ ዘር ነው። ሁለቱ በአንድ ሽቦ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚታዩበት ሜዳ ብዙ አይደለም፤ የዚህን ቦታ ዋጋ ለእኔ ከፍ የሚያደርገውም የምሥራቁና የምዕራቡ ወፍ እዚህ መገናኘታቸው ነው። ቡሎክስ ኦሪዮልና ባልቲሞር ኦሪዮል፣ ላዙሊ በንቲንግና ኢንዲጎ በንቲንግ እንዲሁ ክልላቸው የሚነካካው በዚህ ሜዳ ላይ ነው።

ቀኑ ሲሞቅ ነፍሳቱ ወደ ላይ ስለሚወጡ ወፎቹም ይከተላሉ። ያን ጊዜ ቀና ብለው አንገትዎን ከሚያደክሙ ወደ ጥላው ገብተው፣ እንደ ትረሽ ያሉ ከዛፍ ሥር የሚመገቡትን ለማግኘት መሬቱን ይቃኙ።

ምላሽ
ከ፦ የፎርት ኮሊንስ ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ። ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ በጣም ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ቀኑን ከዋዜማው ለመገመት የሚረዳ መሣሪያ መኖሩን ነው።

የዝናብ መከታተያ ራዳሮች ዝናብን ብቻ ሳይሆን ወፍንም ያያሉ። በጸደይ ምሽት የራዳሩን ምስል ቢከፍቱ፣ ፀሐይ ከጠለቀች ከግማሽ ሰዓት ወዲህ በራዳሩ ጣቢያ ዙሪያ ክብ የሆነ ነገር እያደገ ሲሄድ ይመለከታሉ፤ ያ ዝናብ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ከመሬት የተነሡ ወፎች ናቸው። ከአውሮራ በስተምሥራቅ አንድ ጣቢያ፣ ሸየን ከተማ አጠገብ ደግሞ ሌላ ስላለ የእኛ ሜዳ በሁለቱ መካከል ነው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአእዋፍ ላቦራቶሪ ከኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች ተባባሪዎች ጋር የሚያዘጋጀው በርድካስት ከ140 በላይ የሆኑ ጣቢያዎችን መረጃ አሰባስቦ፣ የሚቀጥሉትን ሌሊቶች ትንበያ በካርታ፣ በየካውንቲው ያለፈውን ግምት ደግሞ በቁጥር ያወጣል። ክሮው ቫሊ የሚገኘው በዌልድ ካውንቲ ስለሆነ መፈለግ ያለብዎ የዚያን ካውንቲ ገጽ ነው።

ነገር ግን ቁጥሩን ሲያነቡ እንዲጠነቀቁ እለምንዎታለሁ። በሌሊቱ ብዙ ወፍ አለፈ ማለት ጠዋት ብዙ ወፍ አረፈ ማለት አይደለም፤ ከላይ እንደተባለው ነፋሱ የተመቻቸው ከሆነ ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ ዛፎቹ ባዶ ይሆናሉ። እኔ የምከተለው መንገድ እንዲህ ነው። ከመተኛቴ በፊት ራዳሩ ወፎቹ መነሣታቸውን፣ የነፋሱም አቅጣጫ ከደቡብ መሆኑን አያለሁ፤ ከዚያ የአየር ትንበያውን ከፍቼ ከዋዮሚንግ በኩል የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ወይም ዝናብ ስንት ሰዓት ላይ ሜዳው እንደሚደርስ እመለከታለሁ። እኩለ ሌሊት አልፎ ሊነጋጋ ሲል የሚደርስ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ምልክት አይገኝም፤ ወፎቹ በብዛት ከፍ ብለው የሚጓዙት ፀሐይ ከጠለቀች ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት በኋላ በመሆኑ መሰናክሉ ሲመጣ አየር ላይ ናቸው ማለት ነው። ምሽቱ ሲጀምር የሚዘንብ ከሆነ ግን ከተነሡበት ከኒው ሜክሲኮና ከደቡብ ምሥራቅ ኮሎራዶ ሳይንቀሳቀሱ ያድራሉና፣ ለክሮው ቫሊ የሚተርፍ ነገር የለም።

ለፈረቃ ሠራተኛ ይህ እንደማይመች አውቃለሁ። ሆኖም በዚያ ሳምንት ውስጥ ሁለት የዕረፍት ቀናት ካሉዎት፣ ራዳሩ ቢያንስ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ከዋዜማው ሊነግርዎ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከጥያቄው ጋር የተያያዘ ስለሆነ። እነዚህ ወፎች ወደ ሜዳው የሚደርሱት በእናንተው በአውሮራና በዴንቨር ሰማይ ላይ አልፈው ነው። የከተማ መብራት ከመንገዳቸው እየሳበ ወደ ሕንፃና መስታወት ስለሚያስጠጋቸው፣ በርድካስት ብዙ ወፍ ያልፋል ባለበት ሌሊት የበረንዳንና የግቢን መብራት ማጥፋት ምንም የማያስወጣ፣ ግን እውነተኛ ጥቅም ያለው እርዳታ ነው። ጎረቤትዎንም ቢያሳምኑልኝ ደስታዬ ነው።

ተጨማሪ ጥያቄ
ከ፦ የአውሮራዋ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ራዳር ወፍ ያያል ሲባል ልጄ በጣም ነው የተገረመው፤ ከትናንት ጀምሮ ማታ ማታ ካርታውን እየከፈተ ያሳየኛል።

ሁለት ነገር ይቀረኛል። በዚያ በተሞላው ቅዳሜ አንድ ሰው በስልኩ የወፍ ድምፅ ከፍ አድርጎ እያሰማ ወፎቹን ወደ እርሱ ሲጠራ አይተናል፣ ወፎቹም በእርግጥ ይቀርቡ ነበር። ልጄ እኛም እናድርግ ብሎኛል፤ እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ሁለተኛው፣ ዛፍ ሥር ቅጠል እየገለበጠ የሚመገብ፣ ጀርባው ቡናማ፣ ደረቱ ነጠብጣብ ያለበት ወፍ ደጋግመን አይተን ስሙን መለየት አቅቶናል። ስልኩ ላይ ያለው የመርሊን መተግበሪያ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ይለናል።

ምላሽ
ከ፦ የሜዳው ዘበኛ

እኅቴ፣ ልብዎ ያልተቀበለው በትክክል ነው፤ ምክንያቱን ለልጅዎ በሚገባው መንገድ ልንገርዎት።

እኛ ስደትን ስናስብ የምናስበው በረራውን ነው። ትረሽ በሚባሉት ወፎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ግን በጉዞው ወቅት ከሚያወጡት ጠቅላላ ኃይል በበረራ የሚጠፋው ከሲሶ ያነሰው ብቻ እንደሆነ፣ የቀረው የሚጠፋው በማረፊያ ቦታ ላይ ሲሞቁ፣ ምግብ ሲፈልጉና ከጠላት ሲጠበቁ እንደሆነ አሳይቷል። ስለዚህ ያን በብርድ ጠዋት ያዩት ወፍ ያረፈ ይምሰል እንጂ ሥራ ላይ ነው፤ ስቡን መልሶ ካልሞላ የሚቀጥለውን ሌሊት መብረር አይችልም። በተቀዳ ድምፅ ሲጠራ ባላጋራ የመጣበት ስለሚመስለው መብላቱን ትቶ ይመጣል፤ ሰው ደግሞ በቀን ሃያና ሠላሳ ሆኖ በሚመላለስባት በዚያች ትንሽ የዛፍ ቁራጭ ላይ እያንዳንዱ ቢጠራው ምን ሊተርፈው ነው? የአሜሪካ የወፍ ተመልካቾች ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብም የተቀዳ ድምፅ አጠቃቀም እንዲገደብ፣ ብዙ ተመልካች በሚገኝበት ቦታ ደግሞ ይበልጥ እንዲቆጠቡ ያሳስባል። እኔ በማረፊያ ቦታ ላይ ጨርሶ አልጠቀምበትም፤ ሌሎችም ሲያደርጉት ካየሁ በትሕትና እናገራለሁ። ልጅዎ ላባ መልቀም የሚወድ ከሆነም አይቶ እዚያው ቢተወው ይሻላል፤ እ.ኤ.አ. በ1918 የወጣው የስደተኛ ወፎች ሕግ ያለ ፈቃድ ላባና ጎጆ መያዝን ይከለክላል።

ወደ ወፉ ስንመጣ፣ በሜይ አጋማሽ ከሆነና ዛፍ ሥር ከሆነ በብዛት የሚገኘው ስዌይንሰንስ ትረሽ ነው። መለያው ዓይኑ ነው። በዓይኑ ዙሪያ ደብዘዝ ያለ ቢጫማ ክብ አለ፤ ከክቡም ወደ መንቁሩ ያው ቀለም ስለሚዘረጋ መነጽር ያደረገ ይመስላል። ሁለት ሦስት እርምጃ ይዘልልና ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ራሱን ትንሽ ዘንበል አድርጎ መሬቱን ያያል፣ ከዚያ አንዲት ደረቅ የኤልም ቅጠል በመንቁሩ ይዞ ወደ ጎን ይወረውራል። ሥሯ ትል ካለ አፍታ አይፈጅም፤ ከሌለ ቀጣይዋን ያነሣል። ሄርሚት ትረሽ የሚባለው ዘመዱ ደግሞ ቀደም ብሎ በኤፕሪል የሚያልፍ ሲሆን፣ ጅራቱ ከጀርባው ይልቅ ቀላ ያለ ነው፤ ጅራቱንም ቀስ አድርጎ ከፍ ዝቅ የማድረግ ልማድ አለው። ጀርባው ሁሉ ቀላ ብሎ የደረቱ ነጠብጣብ የደበዘዘ ካጋጠመዎ ቪሪ የተባለው ነውና ሌሎቹን ተመልካቾች ጠርተው ያሳዩአቸው።

መርሊንን በተመለከተ፣ በድምፅ የመለየት አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣ ወዲህ ብዙ ሰው ወደዚህ ነገር ስላመጣ አመሰግነዋለሁ። ሆኖም በጉዞ ላይ ያሉ ወፎች ሙሉ ዜማቸውን ሳይሆን አጭር የጥሪ ድምፅ ብቻ ስለሚያሰሙ፣ በክሮው ቫሊ ደግሞ ነፋሱ ስለሚያውከው፣ የሚሰጠውን ስም የት አካባቢ መመልከት እንዳለብዎ የሚጠቁም እንጂ የተረጋገጠ መልስ አድርገው አይውሰዱት። ወፉን በዓይንዎ ሳያዩ፣ ተመልካቾች ያዩትን ወፍ በሚመዘግቡበት በኢበርድ ድረ ገጽ ላይ አይመዝግቡት። ያ መዝገብ ለተመራማሪዎች የሚሆነው በጥንቃቄ ሲሞላ ነው።

አንድ ቅሬታ አለኝ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ልናገረው። ሰዎች ክሮው ቫሊ የሚመጡት ዛፎቹ ላይ ለሚያርፉት እንግዶች ሲሆን፣ ዙሪያውን ያለውን ሣር ግን እንደ ባዶ ቦታ አልፈውት ይሄዳሉ። ላርክ በንቲንግ እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ የኮሎራዶ ግዛት ወፍ ነው፤ እርሱም ከደቡብ በሜይ የሚመጣ ስደተኛ ዘማሪ ነው። ወንዱ ሰውነቱ ጥቁር፣ ክንፉ ላይ ሰፊ ነጭ ያለበት ሲሆን፣ ተቀምጦ የሚዘፍንበት ዛፍ ስለሌለው ከሣሩ ወደ ሰማይ ወጥቶ በአየር ላይ እየዘፈነ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ታላቅ ጥናት ከ1970 ወዲህ ሰሜን አሜሪካ ከወፎቿ ወደ 2.9 ቢሊዮን የሚጠጉትን እንዳጣች ሲገልጥ፣ ከሁሉ የባሰው ጉዳት የደረሰው በሣር ምድር ወፎች ላይ እንደሆነ፣ ከግማሽ በላይም እንደቀነሱ ነው የተናገረው። ከዛፎቹ ሲመለሱ መኪናዎን አቁመው፣ ሞተሩን አጥፍተው፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ለጥቂት ጊዜ ሣሩን ያዳምጡ፤ ልጅዎም ዌስተርን ሜዶውላርክን ያለ ምንም መተግበሪያ ይለየዋል።

ምላሽ
ከ፦ ጡረተኛው

ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን ሁሉ በደስታ አንብቤአለሁ። የምለየው በአንድ ነገር ነው። ሁላችሁም ስለ ሜይ ብቻ ነው የምትናገሩት፤ እኔ ግን ለዚህች እኅታችን የምመክራት መኸሩን እንዳታልፈው ነው፤ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር ማለቂያ ያለውን።

በጸደይ ወፎቹ ጎጆ ለመሥራት ስለሚጣደፉ የሚቆዩት አጭር ጊዜ ነው፤ የአየሩ ሁኔታም ካልተባበረ እንደተባለው ባዶ እጅ መመለስ አለ። በመኸር ግን በዚያው ዓመት የተፈለፈሉት ጫጩቶች ስለሚጨመሩ ቁጥራቸው ይበዛል፣ ጉዞውም ዝግ ይላል፤ የዕረፍት ቀኗን አስቀድማ ለምትመርጥ ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ዊልሰንስ ዋርብለር የሚባለው፣ ቢጫ ሆኖ ወንዱ አናቱ ላይ ጥቁር ቆብ ያለው፣ በየቁጥቋጦው አይጠፋም። ላባቸው ከጸደዩ ይልቅ የደበዘዘ በመሆኑ ለመለየት ይከብዳሉ ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ነገር ግን ዓይን የሚሠለጥነው በከባዱ ነው።

ከዚህም በላይ ወፎቹ በሄዱበት መንገድ አይመለሱም። ብላክፖል ዋርብለርን በዚህ ሜዳ ላይ የምናየው በሜይ ነው፤ ከደቡብ አሜሪካ በካሪቢያንና በፍሎሪዳ በኩል ገብቶ እስከ አላስካ ድረስ ይበተናል። በመኸር ግን ወደ አትላንቲክ ዳርቻ ይሄድና፣ 12 ግራም ያህል የነበረውን ክብደቱን በስብ እጥፍ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አድልቦ፣ ሁለትና ሦስት ቀን ያለ ዕረፍት በውቅያኖስ ላይ በርሮ ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ክትትል ይህን በረራ ከ2,270 እስከ 2,770 ኪሎ ሜትር ለክቶታል። ታውንሴንድስ ዋርብለር ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው፤ በጸደይ በፓሲፊክ ዳርቻ በኩል ስለሚወጣ እዚህ ብዙም አይታይም፣ በመኸር ግን በተራሮቹና በሜዳው በኩል ይወርዳል። እንግዲህ በሜይ ብቻ የምትሄድ ሰው የመጽሐፉን ግማሽ ብቻ ነው የምታነበው።

ልጅሽን ደግሞ አንድ ነገር ንገሪልኝ። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ከጥቅምት ጀምሮ ከብቶቹ እግር ሥር የሚሯሯጡት ቢጫ ጅራተ ረጃጅሞች፣ ድንጋይ ላይ ቀጥ ብለው የሚቆሙትም ዊትይር የተባሉት፣ ከአውሮፓና ከእስያ መጥተው የሚከርሙ ስደተኞች ናቸው። ከዊትይሮቹ መካከል አላስካ ላይ የሚፈለፈሉ አሉ፤ 25 ግራም የሚሆን ክብደት ይዘው መላውን እስያና የዓረቢያን በረሃ አቋርጠው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ፣ እስከ ሱዳንና ኬንያ ድረስ 14,500 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚበሩ በላያቸው በተደረገ ጥቃቅን መሣሪያ ተረጋግጧል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። ብላክፖሉም ዊትይሩም ከአንድ አላስካ ተነሥተው አንዱ ወደ ብራዚል፣ ሌላው ወደ እኛ አገር አቅጣጫ ይሄዳሉ። ልጁ ካርታ ይወዳል ብለሻልና ሁለቱን መንገዶች በእጁ ይሣላቸው።

ምላሽ
ከ፦ የአውሮራዋ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሴፕቴምበር መጀመሪያ የዕረፍት ቀን ዛሬውኑ እጠይቃለሁ፤ ለሜይ ደግሞ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ተከታታይ ቀናት ለማግኘት እሞክራለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ለግሪሊው ወንድሜ፦ ጥሩው ቀን ዝናብ ያደረበት ቀን ከሆነ፣ በቤት መኪና እዚያ መድረስ ይቻላል?

ምላሽ
ከ፦ የግሪሊ ነዋሪ

ክሮው ቫሊ ድረስ ያለ ሥጋት ይደርሳሉ። ከአውሮራ ተነሥተው በአውራ ጎዳና 85 ወደ ሰሜን እስከ ኦልት፣ ከዚያም በአውራ ጎዳና 14 ወደ ምሥራቅ እስከ ብሪግስዴል ያለው ሁሉ አስፋልት ነው፤ መግቢያውም ከጎዳናው ጥቂት ወደ ሰሜን በካውንቲ መንገድ 77 ላይ ነው።

ከዚያ አልፈው ላርክ በንቲንግና ሎንግስፐር የተባሉትን የሣር ምድር ወፎች ፍለጋ ወደ አፈር መንገዶቹ ለመግባት ግን በዝናብ ማግስት አይሞክሩ። ጭቃው ጎማ ላይ ተጣብቆ ባለ አራት ጎማ ኃይል መኪናንም የሚያቆም ነው፤ ስልክም በየቦታው አይሠራም። በደረቀ ጊዜም ቢሆን የመንግሥቱ መሬትና የግል ይዞታ እየተፈራረቀ ስለሚገኝ የሣር ምድሩን ካርታ ይያዙ፣ ከመንገድ ወጥተው በእግር ከመግባትዎ በፊትም የማን መሬት እንደሆነ ያረጋግጡ። በሜይ እባብ ከጉድጓዱ ወጥቶ ፀሐይ ስለሚሞቅ ልጅዎ ረጅም ጫማ ያድርግ። ውኃና ስንቅ ከኦልት ሳያልፉ ይያዙ፤ ሌላው ሁሉ ካልተሳካ በዚያ ሜዳ ላይ ረጋ ብሎ ለመቀመጥ የሚያስችልዎ እርሱ ነው።